ዓይን አይቶ እጅ ካልነካ

 

የዛሬው ወጋችን ሳሎናችን ድረስ ስለመጣው ጓዳ ነው። ዱሮ ጓዳ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። እንግዳ አያየውም፤ አባወራም እምብዛም አይረግጠውም። አሁን ግን ቴሌቪዥን ስትከፍቱ ነጭ ኮፍያ የደፋ ሼፍ ሽንኩርት ሲከትፍ ታገኙታላችሁ። የልጅ ልጃችሁ የያዘችውን ስልክ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ደግሞ አንዲት ወጣት የዶሮ ብልት እያወጣች ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን አብዛኞቹ ተነሥተው ድስት አይጥዱም፤ «እራት ደረሰ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እኔም እነዚህን ፕሮግራሞች እወዳለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ከዜና ይልቅ የማየው እነሱን ነው። ነገር ግን ዕድሜውን በነርስነት ያሳለፈ ሰው ምግብ ሲሠራ ሲያይ ጣዕሙን ብቻ አያስብም፤ ጨውና ዘይቱን፣ የአብሳዩን እጅ፣ እሳቱ አጠገብ የቆመውን ሕፃን ያስባል። የቴሌቪዥን ጓዳ ሲጀመር ዓላማው ሰው አይቶ እንዲሠራ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሰው አይቶ እንዲዝናና ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው። እስቲ ከመነሻው እንጀምር። የውጭውን ታሪክ ሳነሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ሠራተኛዋ ፈቃድ የወጣች ዕለት

የእንግሊዙ ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በኅዳር 1936 ነው። ብዙም ሳይቆይ በጥር 1937 ማርሴል ቡሌስታን የሚባል ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ፈረንሳዊ ካሜራ ፊት ቆሞ ኦምሌት አሳየ። የፕሮግራሙ ስም ወደኛ ሲመለስ «ወጥ ሠሪዋ የወጣችበት ምሽት» እንደማለት ነው። ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሀብታም ነው፤ ሀብታም ቤት ደግሞ ወጥ ሠሪ አይጠፋም። ስለዚህ ትምህርቱ ለእመቤቲቱ ነበር፤ ሠራተኛዋ ፈቃድ የወጣች ዕለት ቤተሰቡ ጦሙን እንዳያድር። እኛም አገር ሠራተኛ ሳይታሰብ የወጣችበት ቤት ምን እንደሚመስል ስለምታውቁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የቢቢሲ ቴሌቪዥን ተዘጋ። በ1946 ሲከፈት ፊሊፕ ሃርበን የሚባል ጺማም ሰው ሽርጥ ታጥቆ ብቅ አለ። እንግሊዝ ያኔ ድል ያደረገች ግን የተቸገረች አገር ነበረች። ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ሥጋው ሁሉ በራሽን ነው። ራሽኑ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1954 ነበር። እንግዲህ በካርድ በሚሸመትበት ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ምግብ መሥራት ማለት ያለችውን ጥቂት ነገር እንዴት ማብቃቃት እንደሚቻል ማሳየት ማለት ነው። በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት ተሰልፈን የገዛን ሰዎች ይህ ዓይነቱ ብልሃት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንረሳውም።

በዚያው በ1946 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ቢርድ በኤንቢሲ ጣቢያ ምግብ ማብሰል ማሳየት ጀመረ። የፕሮግራሙን ወጪ የሚሸፍነው የወተት ተዋጽኦ አምራች ኩባንያ ነበር። የምግብ ፕሮግራምና ማስታወቂያ ከመጀመሪያው አንስቶ አብረው የተወለዱ መሆናቸውን ልብ በሉ። ዛሬም አንድ ዓይነት ዘይት ወይም አንድ ዓይነት የሾርባ ቅመም በየምግቡ ሲጨመር ስታዩ፣ ምግቡ ፈልጎት ነው ወይስ ከፋዩ ፈልጎት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

በሠላሳዎቹ ዕድሜ የተማረች መምህር

ስለ ቴሌቪዥን ጓዳ ሲወራ ጁሊያ ቻይልድን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ የሆነ፣ ድምጿ የሚንቀጠቀጥ አሜሪካዊት ነበረች። ከባሏ ጋር ለሥራ ፓሪስ ስትሄድ ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ምግብ ማብሰልንም በወጉ የተማረችው እዚያ ነው። ከሁለት ፈረንሳውያን ሴቶች ጋር ያዘጋጀችው ወፍራም የፈረንሳይ ምግብ መጽሐፍ በ1961 ታተመ። መጽሐፉን ለማስተዋወቅ ቦስተን ወደሚገኝ አንድ ጣቢያ ስትጠራ ስለ መጽሐፉ ማውራት ብቻ አልበቃትም። ምድጃ ይዛ ሄደች፤ እዚያው ኦምሌት ሠራች። ተመልካቹ «ይቺ ሴት ትድገምልን» አለ። በየካቲት 1963 የራሷ ፕሮግራም «ዘ ፍሬንች ሼፍ» ሲጀመር ሃምሳ ዓመቷ ነበር።

ሰው ለምን ወደዳት? ስለማትፈራ ይመስለኛል። አንድ ቀን የድንች ቂጣ ከመጥበሻ ላይ ልትገለብጥ ስትል ግማሹ ምድጃው ላይ ፈሰሰባት። ሳትደናገጥ ለቅማ መለሰችውና፣ ጓዳ ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ማን ያያችኋል ብላ ቀጠለች። ዶሮ መሬት ላይ ጣለች የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው። ሌላው የማከብርላት ነገር ስሟን ለምርት ማስታወቂያ አለማከራየቷ ነው። በ2004 ዘጠና ሁለት ዓመቷን ልትይዝ ሁለት ቀን ሲቀራት አረፈች። ቤቷ የነበረው ማድ ቤት ከነድስቱ፣ ከነማንኪያው ተነቅሎ ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ጓዳ ሙዚየም ሲገባ አስቡት!

ከጁሊያ ፕሮግራም በኋላ ሰው ተነሥቶ ይሞክር ነበር። መጥበሻ ይገዛል፣ ይሠራል፣ ያበላሻል፣ ይደግማል። ፕሮግራሙ ትምህርት ነበር የምለው ለዚህ ነው።

ጃፓን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ኤንኤችኬ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ በ1957 «የዛሬ ምግብ» የሚል ፕሮግራም ጀመረ፤ እስካሁን አለ። ከታሪኩ አንዲት ነገር ልቤን ነክታኛለች። ፕሮግራሙ ሲጀመር የሚነገረው መጠን ለአምስት ሰው የሚሆን ነበር። በ1965 ለአራት ሰው ሆነ፤ በ2009 ደግሞ ለሁለት። የድስቱን መጠን ብቻ ተከትላችሁ የአንድ አገር ቤተሰብ እንዴት እያነሰ እንደሄደ ማንበብ ትችላላችሁ። ልጆቻቸው ውጭ አገር የሄዱባቸው፣ ዛሬ በትንሿ ድስት ለሁለት ብቻ የሚሠሩ አያቶች ይህ ይገባቸዋል።

ማዕዱ ሜዳ ሲሆን

በ1993 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ጃፓን ውስጥ «አይረን ሼፍ» የሚባል የወጥ ሠሪዎች ፍልሚያ ተጀመረ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ፉድ ኔትወርክ» የተባለ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ይቆጠራል፣ ዳኛ ይቆጣል፣ ተወዳዳሪ ያለቅሳል። እንግሊዝ ውስጥ በ1990 የተጀመረው «ማስተርሼፍ» በየአገሩ ተቀዳ። አውስትራሊያ ውስጥ በ2010 የምርጫ ዘመቻ የፓርቲ መሪዎቹ የቴሌቪዥን ክርክር ከማስተርሼፍ የፍጻሜ ውድድር ጋር ስለተጋጨ ሰዓቱ እንዲቀየር ተደርጓል። የአገር መሪ ለመምረጥ የሚደረግ ክርክር ለድስት ቦታ ለቀቀ ማለት ነው።

እነዚህ ውድድሮች አዝናኝ ናቸው፤ አልክድም። ግን ከነሱ ምን መሥራት ትማራላችሁ? በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምግብ፣ ስሙን የማናውቀው ቅጠል፣ በመርፌ የሚንጠባጠብ ስጎ። የሚያይ ሰው «ይህማ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ኋላው ይደገፋል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማይክል ፖላን በ2009 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ይህንኑ አነሣ፦ አሜሪካውያን ስለ ምግብ የሚያዩት ከመቼውም በላይ ሆኖ ሳለ፣ ምግብ ለማዘጋጀት የሚያጠፉት ጊዜ በቀን በአማካይ 27 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም ጁሊያ ቻይልድ በጀመረችበት ዘመን ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም አለ። ማብሰሉን እያዩ የሚበሉት የተገዛ ምግብ ነው። በአዲስ አበባም የውድድር ፕሮግራም እያየን በስልክ ምግብ ማዘዝ የጀመርን አለን።

ጉልበቱ እስከ ትምህርት ቤት

ይህን ስል ቴሌቪዥን ሰውን አያስነሣም ማለቴ አይደለም። አስነሥቶ ያውቃል። እንግሊዛዊቷ ዴልያ ስሚዝ በ1998 የጀመረችው ፕሮግራም እንቁላል እንዴት እንደሚቀቀል ከማስተማር ነበር የሚነሣው። አንዳንዱ ሳቀባት፤ የአገሩ የእንቁላል ሽያጭ ግን ከፍ አለ። ያመሰገነችው አንድ የኦምሌት መጥበሻ ከየሱቁ ተጠራርጎ አለቀ። ነጋዴዎቹ ለነገሩ «የዴልያ ተጽዕኖ» የሚል ስም አወጡለት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጄሚ ኦሊቨር ታሪክ ነው። ይህ ወጣት ሼፍ በ2005 ግሪኒች በተባለው የለንደን ክፍለ ከተማ ወደ ትምህርት ቤት ማድ ቤቶች ገብቶ ልጆች ምሳ የሚበሉትን ለሕዝብ አሳየ። ለአንድ ልጅ ምሳ ለምግቡ ብቻ የሚመደበው 37 ፔንስ አካባቢ ነበር። በዚያ ዋጋ የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ ትርፍራፊ ተፈጭቶ የተሠራ ጥብስ ነው። ወላጆች አይተው ተቆጡ። ከ271,000 የሚበልጥ ሰው ፈርሞ አቤቱታው ለጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ደረሰ፤ መንግሥትም ለትምህርት ቤት ምግብ 280 ሚሊዮን ፓውንድ እመድባለሁ አለ። ኋላ ሁለት ተመራማሪዎች ግሪኒችን ከጎረቤት ክፍለ ከተሞች ጋር አነጻጽረው፣ ምግቡ ከተለወጠ በኋላ የልጆቹ የእንግሊዝኛና የሳይንስ ውጤት መሻሻሉን፣ በሕመም ምክንያት የሚመስለው ቀሪም መቀነሱን ጽፈዋል። በትምህርት ቤት ምገባ ፕሮግራም ልጆቻችን ሲጠቀሙ ያየን ሰዎች ይህ አያስገርመንም።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽ አለው። በቀጣዩ ዓመት በሰሜን እንግሊዝ አንድ ከተማ አንዳንድ እናቶች በትምህርት ቤት አጥር በኩል በርገርና የተጠበሰ ድንች ለልጆቻቸው ማቀበል ጀመሩ። ልጆቹ አዲሱን ምግብ አልለመዱትም፤ ተርበው ይመጣሉ። ጋዜጣው ሁሉ እናቶቹን ሰደበ። እኔ ግን አዘንኩላቸው። የልጅ ምላስ የሚገራው በአዋጅ አይደለም። ቤት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ፣ በሚወደው ሰው እጅ ነው። ቴሌቪዥን መንግሥትን ማንቀሳቀስ ቻለ፤ የልጅን አፍ ማስከፈት ግን የቤት ሥራ ሆኖ ቀረ።

በነርስ ዓይን

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የተባለው የሕክምና መጽሔት በታኅሣሥ 2012 አንድ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ ከታዋቂ የቴሌቪዥን ሼፎች መጻሕፍት 100 ዋና ዋና ምግቦችን፣ ከትላልቅ ሱቆች ደግሞ 100 የታሸጉ ዝግጁ ምግቦችን ወስደው አነጻጸሩ። የሼፎቹ ምግብ ኃይል ሰጪነቱ፣ ስቡና ጎጂው ዓይነት ስብ ከታሸገው በልጦ፣ አሰሩ አንሶ ተገኘ። ከሁለቱም ወገን የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ሙሉ በሙሉ ያሟላ አልነበረም። ይህ ማለት የታሸገ ምግብ ብሉ ማለት አይደለም። ካሜራ ፊት ያለ ሼፍ የሚያስበው የዛሬውን ጣዕም ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት የሚለካውን የደም ግፊታችሁን አይደለም ማለት ነው።

በቅቤ፣ በክሬምና በወይን ጠጅ የታወቀ ግራሃም ከር የሚባል ሼፍ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፕሮግራሙ በብዙ አገር ይታይ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለቤቱ ስትሮክና የልብ ሕመም መታት። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ቅቤ ቀረ፤ ቀሪ ዘመኑን ስብና ጨው ቀንሶ ጣዕምን ማቆየት እንደሚቻል ሲያስተምር ኖረ። ሰውየውን የለወጠው የቤቱ በሽተኛ ነው።

እኔም በሥራ ዘመኔ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግፊታቸው አልወርድ ያለ አንድ አባት ነበሩ። «ጨው ቀነሱ ወይ?» ስላቸው «እንዴታ ሲስተር! ገበታ ላይ አልነሰንስም» አሉኝ። «ወጡን የሚሠራልዎት ማነው?» ብላቸው «ልጄ ናት» አሉ። ልጅቱ ግን ምክሩን አልሰማችም፤ ማንም አልነገራትም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲመጠን ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። በዚያ ቤት መመከር የነበረባት ማማሰያውን የያዘችው ናት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋት መጡ፤ አብረን ተነጋገርን። ከዚያ ወዲህ ምክሬን ሁሉ ለበላተኛው ብቻ ሳይሆን ለሚያበስለውም መስጠት ልማዴ ሆነ።

ሌላው እጅ ነው። ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 100 የምግብ ፕሮግራሞችን ተቀምጠው አይተው፣ ከሼፎቹ ብዙዎቹ ጥሬ ሥጋ ከነኩ በኋላ እጃቸውን ሲታጠቡ አላሳዩም ብለዋል። ምናልባት ታጥበው ይሆናል፤ ተቆርጦ ወጥቶ ይሆናል። ልጅ ግን የሚማረው ያየውን ነው። ዶሮን እንውሰድ። የኛ አገር እናት ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባለች፤ ወጉ ነው። ችግሩ ጥሬ ዶሮ ላይ ያለው ተሕዋስ ከውኃው ጋር መረጨቱ ነው። ስለዚህ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ፣ ሰላጣና እንጀራ አጠገቡ ሳይኖር ይታጠብ። ከዚያ ሳፋው፣ መክተፊያው፣ ቢላዋውና እጅ በሳሙና ይታጠቡ። ዶሮውን ንጹሕ የሚያደርገው ዋናው ነገር ውኃው ሳይሆን በደንብ መብሰሉ ነው።

ወደኛ ቤት ስንመጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጃገረድ ወጥ የምትማረው ከእናቷ፣ ከአክስቷ፣ ከጎረቤት ነበር። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «ባለሙያ ናት» ስንል ዲፕሎማዋን ማለታችን አይደለም፤ ወጧን ነው። አብሲት መጣሉ፣ ቁሌቱ ሳያር ማብሰሉ፣ ቅቤ ማንጠሩ፣ መከለሻው መቼ እንደሚገባ ማወቁ፣ ሁሉም በዓይንና በአፍንጫ የሚመዘን ነበር።

ዛሬ የበዓል ሰሞን ማንኛውንም ጣቢያ ክፈቱ፤ አርቲስት ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ዘፋኝ የዶሮ ብልት ቁጥሩ ሲጠፋበት ታያላችሁ። እንደ «ጆርዳና ኩሽና» ያሉ መደበኛ ፕሮግራሞችም መጥተዋል። ከሁሉ የሰፋው ግን በስልክ የሚታየው ነው። ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ያለች ልጅ፣ ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ያለ ወጣት፣ እናቱ ሳትኖር እንጀራ መጋገር የሚማረው ከዚያ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናት በስልክ «ትንሽ ጨምሪበት፣ እስኪበቃው» ብትላት ልጅቱ አይገባትም፤ ቪዲዮው ላይ ግን የሊጡን ቅጥነት፣ የዓይኑን አወጣጥ ታያለች።

ሌላም በጎ ነገር አለ። «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል?» ይባል ነበር። ጓዳ የገባ ወንድ ይቀለድበት ነበር። አሁን ትንሹ ልጅ ሼፍ ወንድ መሆኑን ስላየ ሽንኩርት መክተፍ አያፍርም። ባል የሞተባትን ብቻ ሳይሆን ሚስት የሞተችበትን ሰውም አስታምሜያለሁ። ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ አባት ብቻውን ሲቀር ዳቦና ሻይ ላይ ይወድቃል፤ ስኳር ካለበት ደግሞ ይብስበታል። ወንድ ልጃችሁን ጓዳ አስገቡት፤ ለእርጅናው ስንቅ ነው።

ማርከስ ሳሙኤልሰንን ሳታውቁት አትቀሩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ እሱና እህቱም ታመው አዲስ አበባ ታክመው ዳኑ። ስዊድን ውስጥ በማደጎ አደገ። በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ባደረጉት የመጀመሪያ የክብር እራት ያበሰለው እሱ ነው፤ በአሜሪካ የምግብ ፕሮግራሞች ላይም ዳኛ ነው። በ2018 ባዘጋጀው ፕሮግራም ዋሽንግተን ያሉትን የኢትዮጵያውያን ማዕድ ለአሜሪካ ተመልካች አሳይቷል። ምግብ ማብሰል ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ግን ቴሌቪዥንን አይጠራም። ስዊድናዊት አያቱን ሄልጋን ነው የሚጠራው፤ እሷ ጓዳ ቆሞ ነው ያደገው።

እናንተ አያቶች፣ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ስክሪኑ ያሳያል፤ ነገር ግን «ቅመሺውና ንገሪኝ፣ ምን ጎደለው?» አይልም። ይህን የምትሉ እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ካዩት አንዱን ምግብ ይሥሩ። የሚመርጡት እነሱ፣ የሚረዱት እናንተ። ቢያበላሹም ይበላ። ጨውና ዘይቱን በግማሽ ጀምሩ፤ ሲቀመስ ካነሰ ይጨመራል፣ ከበዛ ግን አይወጣም።

ሁለተኛ፣ የአያትን ሙያ መዝግቡ። እማማ ወጥ ሲሠሩ ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ፣ እጃቸው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በርበሬውን በማንኪያ፣ ዘይቱን በስኒ ትለካ። ስልኩም ለዚህ ይዋል፤ ትቅረጸው። ስንት እናት «በዓይኔ ነው የማውቀው» እንዳለች፣ ዓይኗን ይዛ ሄዳለች!

ሦስተኛ፣ ልጅ ጓዳ ሲገባ እሳት ይታሰብ። ቴሌቪዥን የማያሳየው ይህን ነው። የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። የፈላ ውኃና ወጥ መሬት ላይ አይቀመጥ። ትንንሾቹ አትክልት ማጠብ፣ ምስር መልቀም፣ እንቁላል መምታት ይበቃቸዋል፤ እሳቱን ትልልቆቹ ይያዙ። ቃጠሎ ከደረሰ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ አይቀባ። ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውኃ፣ የሚፈስ ከሆነ የተሻለ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ በረዶ ግን አይደረግበት። ቀለበትና ጠባብ ልብስ ሳያብጥ ይውለቅ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ አይነቀል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ በተለይ ፊት፣ እጅ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ።

አራተኛ፣ ቤት ውስጥ ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚያበስለው ሰው አብሮ ይሂድ። ሠራተኛ ከሆነችም እሷ ትሂድ። ምክሩን ከነምክንያቱ ትስማ።

ቴሌቪዥኑን አትዝጉት። ጥሩ ፕሮግራም ሲመጣ ከልጅ ልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። ሲያልቅ ግን እናንተ ቀድማችሁ ተነሡና «ነይ እስቲ፣ ሽንኩርቱን አምጪው» በሏት።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ፤ ጤና አይለያችሁ።